ሁለታችንም ስንታየሁ

ስሜ ሲጠራ ቶሎ አልነሣም። ልጆቼ «ጆሮዋ ደከመ» እያሉ ያሙኛል። ጆሮዬ ደህና ነው፤ እነሱ ጓዳ ገብተው የሚንሾካሾኩትን ሳይቀር እሰማለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ባንክ ቤት ይሁን ወረዳ፣ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ «ስንታየሁ!» ሲባል መጀመሪያ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ሌላ የሚነሣ ሰው ካለ ብዬ እጠብቃለሁ። ማንም አይነሣም። ጠሪዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አቶ ስንታየሁ!» ስትል ያኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ብድግ እላለሁ፤ እሷም ደንገጥ ብላ «ውይ፣ ይቅርታ ማዘር» ትለኛለች። ይኸው ስንት ዓመት እንዲህ እየተባልኩ ኖርኩ፤ ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ለደም ግፊቴ አየር ጤና አደባባዩ አጠገብ ያለች አንዲት ክሊኒክ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ ካርድ የምትሰጠው ልጅ «ስንታየሁ!» አለች። እኔ እንደ ልማዴ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት እናት፣ በቢጫ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን አቅፋ፣ «አቤት» ብላ ተነሣች። በዚህ ሁሉ ዓመት በስሜ ሌላ ሰው ሲነሣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ «እንዴ፣ ሁለት ስንታየሁ ነው እንዴ ያለው? ቆይ አንዴ» ብላ ካርዶቿን ማገላበጥ ስትጀምር፣ እኔ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ሄድኩ።

በደርጉ ዘመን እኛ ሰፈር ስንታየሁ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግር ነበር ብል ጥቂት ብቻ ነው የጨመርኩት። እኛ ሰፈር የምለው ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ ሲሄዱ ገባ ብሎ ያለውን ነው፤ ባሕር ዛፉ ሳይመነጠር፣ መንገዱ አስፋልት ሳይለብስ፣ ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲዞር እናቶቻችን የተሰጣ ልብስ እየሰበሰቡ «ዛሬ ደግሞ መጣብን» የሚሉበት ሰፈር። ክፍላችን ውስጥ ብቻ አራት ስንታየሁ ነበርን፣ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። መምህራችን ሰልችቶት ቁጥር ሰጠን፤ እኔ «ስንታየሁ ሦስት» ነበርኩ። አድጌ እኔም አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስም ስጠራ ኖርኩ፤ ስማችን ከመዝገብ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋም በዓይኔ አየሁ። መጀመሪያ ከሴቶቹ ላይ ጠፋ። ከዚያ የልጅ ስም መሆኑ ቀርቶ የአባት ስም ሆነ፣ ቀጥሎ የአያት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ናታን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና እያልኩ ምላሴ ሲተሳሰር ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ስሞቹ ክፉ አይደሉም፤ ያምራሉ። የእኛን ስም ያወጡ እናቶች ግን የሚያምር ስም ፍለጋ አልሄዱም፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ለስሙ ምኑም አይደለም። ስሙ ስለ ልጁ አይደለማ፤ ስለ እናትየው ነው።

የእኔ እናት ከጎጃም የመጣች ናት። ሁለት ልጅ ቀብራ፣ እኔን አርግዛ ሳለች ደግሞ አባቴን ቀበረች። ስወለድ አዋላጇ «ማን እንበላት?» ብትላት «ስንታየሁ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት እትዬ ጫልቱ ደግሞ በሰበታ በኩል ተወልደው ያደጉ፣ ሁለት ላም ይዘው ወተት የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ልጅ አጥተው ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ እኔ በተወለድኩ በወሩ ወንድ ልጅ ወለዱና እሳቸውም ስንታየሁ አሉት። እናቴ «ስሜን ወሰዱብኝ» ብላ ጥቂት ቀን አኩርፋ ነበር አሉ። ኋላ አንድ ጠርሙስ ወተት አምጥተው ታረቁ።

ጠሪው ማን እንደሆነ ከታወቀ ተጠሪውም ይታወቃል። እናቴ ስሜን ሙሉውን፣ ምንም ሳታስቀር፣ «ስንት» ላይ ትንሽ ቆም እያለች ነበር የምትጠራው፤ ያየችውን ሁሉ እንደገና የምታስታውስ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ጫልቱ ግን መጀመሪያውን ሳብ፣ መጨረሻውን ቆረጥ አድርገው «ሲንታዬ!» ይላሉ። በእናቴ ጥሪ እኔ እሮጣለሁ፣ በእሳቸው ጥሪ እሱ። የሰፈር ልጆች «ስንቴ» ሲሉ ሁለታችንም «አቤት» እንላለን። እኔና እሱ ግን በስም ተጠራርተን አናውቅም። ሰው እንዴት አድርጎ የራሱን ስም ይጠራል? «ሞክሼ» ነበር የምንባባለው። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሁሉ እንዲያ ነው የሚባባሉት፣ አዲስ ነገር የለውም። ያም ሆኖ ሌላኛዋ የክፍላችን ስንታየሁ «ሞክሼ» ስትለው ደስ አይለኝም ነበር።

አሥር ዓመት ቢሆነን ነው፣ የቀበሌያችን ጸሐፊ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው መዘገበ። ካኪው የተተኮሰ፣ ጭቃ የሚጠየፍ ጎልማሳ ነበር፤ ግቢ አይገባም፣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጽፈው። የዚያን ሰሞን እኔ ቆረቆር ይዞኝ ፀጉሬን በምላጭ ተላጭቻለሁ፤ የአክስቴን ልጅ ቁምጣ ለብሼ ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮው እንዳይገለበጥ ድንጋይ አስተካክላለሁ። «እዚህ ቤት ስንት ልጅ አለ?» አለ። እናቴ ወደ ጣራው እያመለከተች «አንድ፤ ስንታየሁ» አለችው። ቀና ብሎ አየኝና «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያሳድግልዎ» ብሎ ጻፈ። ሴት ልጅን እንደ ወንድ ማቆላመጥ የተለመደ ነውና እናቴ ምንም ሳይመስላት «አሜን» አለች። ከዚያ ወደ እትዬ ጫልቱ በር ተሻገረ። ሞክሼዬ ጆሮ ደግፍ ይዞት ጉንጩ አብጦ፣ የእናቱን ሻሽ ከአገጩ ሥር አስሮ፣ ሰፌድ ይዞ ምስር ይለቅማል። ጸሐፊው ስም ጠየቀ፣ «ስንታየሁ» አሉት፣ ባየው መሠረት ጻፈና ሄደ።

የኅብረት ሱቁ ደብተር ሲመጣ እኔ ወንድ፣ እሱ ሴት ሆነን ወጣን። ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔን «አቶ»፣ እሱን «ወይዘሪት» እያሉ ወተት መግዛት እስኪያስጠላን ድረስ ተረቡን። ለማስተካከል ግን ማንም አልሄደም። ማመልከቻው፣ ምስክሩ፣ ማኅተሙ፤ ደግሞስ ሳይጠራ ቀበሌ ደጃፍ መቆም የሚወድ ማን ነበር? ስኳርና ሳሙናው እንደሆነ ወንድ ነህ ሴት ነህ አይልም። እንዲሁ ተረስቶ ቀረ።

እኛም አደግን። ደግ ዘመን ነበር ልል አይደለም፤ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አሥራ ሰባት ዓመት ደግሞ በማንኛውም መንግሥት ሥር አሥራ ሰባት ዓመት ነው። አንድ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ገዝተን ለሁለት እንካፈላለን፤ ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጥቶ «ትንሹ ነው» ይለኛል። የአውቶብስ አሥራ አምስት ሳንቲማችንን ይዘን ፌርማታው ጋ እንቆምና፣ አውቶብሱ ሲመጣ ተያይተን እናሳልፈዋለን፣ በእግራችን እንሄዳለን። እሱ ግራጫ ቴትሮን ሱሪ ነበረችው፣ ከታች ሰፋ ያለች፤ ፋሽኗ አልፎ ሰው ሁሉ ጠባብ ሲለብስ እሱ አልተዋትም። እኔ ነጭ ሸራ ጫማዬን ቅዳሜ ቅዳሜ በጠመኔ እቀባት ነበር። አየር ጤና አንድ ካሴት የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ቆመን በነፃ እንሰማለን፣ ባለቤቱ «ግቡ ወይ ውጡ» እስኪለን። ስንመለስ ሞክሼዬ ዘፈኑን በፉጨት ይደግመዋል፣ ዜማው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋበታል፣ እዚያው ቦታ። ዛሬ ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ትክክለኛው ዜማ ስህተት ይመስለኛል።

እወደው ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሱም ጭምር። ግን ስሙን ለማንሣት ሰበብ የምፈልግበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ሰው ስለ ላም ቢያወራ ወሬውን ወደ እትዬ ጫልቱ ላሞች አመጣዋለሁ፣ ከላሞቹ ወደ እሱ። «ሞክሼዬ እንዲህ አለ፣ ሞክሼዬ እንዲያ አደረገ።» እናቴ «ኤጭ፣ ሌላ ወሬ የለሽም?» ትለኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ገጠር ላኩ፣ ኮርኒስ ውስጥ ደበቁ። እትዬ ጫልቱ ግን ያን የድሮ መዝገብ አስታወሱ። አንድ ጠዋት በነጠላቸው ሥር ወተት ይዘው መጡና በሩን ዘግተው ተቀመጡ። «የኔ ልጅ እዚያ ቀበሌ ሴት ነው» አሉ፤ ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «እባካችሁ ያቺን ነገር ማንም አያንሣት። እንዳለች ትቀመጥ። አንድ ነው ያለኝ።» እናቴ በታቦት ስም ማለችላቸው። እኔም አብሬ ማልኩ።

ወር ሳይሞላ አንድ አብዮት ጠባቂ ወረቀት ይዞ መጣ። የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ስንታየሁ፣ ወንድ፣ ዕድሜው የደረሰ። እትዬ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ እጄን ያዙና «ሂጂ ልጄ፣ ሴት መሆንሽን አሳይተሽ ተመለሺ። ከዚያ ሌላ ምንም አትናገሪ። ምንም» አሉኝ። ለስላሳ እጅ ነበራቸው፣ ከቅቤው ብዛት።

እኔና እናቴ ቀበሌ ስንደርስ ያው ጸሐፊ ነው ያለው፣ ፀጉሩ ሸሽቷል። ቀሚሴንና ሹሩባዬን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። «በል ይህችን ላክና ጉድ አሰኘን» አለው አጠገቡ ላለው ሰው። ወንበር ሰጡን። ስለ ተላጨው ራሴ፣ ስለ ጣራው ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ጠዋት ሙሉ ፈርቼ ነበርና ሳቁ አሞቀኝ። እናቴም ትንሽ ፈገግ አለች። ስሜን በቀይ ሰረዘና፣ እስክሪብቶውን እየከደነ፣ ለእኛም ለራሱም እንደሚያወራ ሰው፣ «እንግዲህ በዚህ መንደር ስንታየሁ የሚባል ወንድ የለም ማለት ነዋ» አለ።

«ኧረ ሞክሼዬ አለ» አልኩ።

እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ሳልጠየቅ። የሚያስፈራኝ ሰው፣ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም፤ ስሙን ለማንሣት ቀዳዳ ስላገኘሁ ብቻ፣ እንደ ልማዴ። እናቴ እግሬን ረገጠችኝ፣ ግን ከአፌ ወጥቷል። ጸሐፊው መሳቁን አቆመ። የከደነውን እስክሪብቶ ከፈተ። «የትኛው ቤት?» አለ። እናቴ «ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም፣ አይስሟት» አለች፤ እሱ ግን ገጹን እያገላበጠ ነበር፣ አገኘውም፣ የእኛ ቤት ቀጥሎ ነውና። ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ የሚጠየቀው የሰው ቁጥር ነበረው፣ እኔ ስሰረዝ አንድ ጎደለው፣ እዚያው ሞላው።

በሦስተኛው ቀን ሊወስዱት መጡ፤ በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየ። ያችን ግራጫ ሱሪ ለብሷል። በአጥሩ በኩል መጣና የሸራ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ሞክሼ» አለኝ ቀድሞኝ፣ «ስሜን ጠብቂልኝ። ስመለስ እቀበልሻለሁ።» ይስቅ ነበር፣ እኔ እንዳላለቅስ ይመስለኛል። «እሺ» አልኩት። ያውቅ ይሁን አያውቅ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በሳምንቱ፣ ላሞቹ የሚገቡበት ሰዓት ላይ፣ እትዬ ጫልቱ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው እንደ ድሮው «ሲንታዬ!» ብለው ተጣሩ። እናቴ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ረስተው ነው ወይስ አእምሯቸው ተነካ ብለን ተያየን። ደግመው ተጣሩ። ሦስተኛውን መስማት አልቻልኩም፤ «አቤት» ብዬ ሮጥኩ። ምንም አልገረማቸውም። «ጥጃዋን እሰሪልኝ» አሉኝ። አሰርኩ። በማግስቱም ጠሩኝ፣ በማግስቱም። ውኃ ቀዳሁላቸው፣ ወተት አደረስኩላቸው፤ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ «ሞክሼዬን አደራ» ይል ነበር፤ እዚያ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ላሞቹ መለሱልኝ። ከዚያ ሦስተኛ አልመጣም። አስተማሪ ሆኜም፣ ደመወዝ መብላት ከጀመርኩም በኋላ፣ «ሲንታዬ!» ሲባል የተማሪዎቼን ደብተር ጥዬ እሄድ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ፣ ከሰሜን የሚመለሱት ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲያልፉ በእኛ በኩል ብዙ መጡ፤ ካኪያቸው አልቆ፣ እግራቸው አብጦ። እትዬ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ወተታቸውን መሸጥ ትተው በእንስራ አየር ጤና መንገድ ዳር ይዘው ተቀመጡ። እኔ ጣሳውን እይዛለሁ። ላለፈ ሁሉ ያጠጣሉ፣ ጠጥቶ ሲመልስ «ስምህ ማነው የኔ ልጅ?» ይሉታል። ሌላ አይጠይቁም፣ ከየት ግንባር፣ ከየትኛው ጦር አይሉም። ስም ብቻ። በአራተኛው ቀን አንዱ ረጅም ልጅ ጣሳውን መለሰና «ስንታየሁ» አለ።

ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። እንዳልሆነ ገና ከሩቅ አይተውታል፣ ቁመቱም መልኩም አይመሳሰልም፤ ግን ይዘው ብዙ አዩት። ቤታቸው ወስደው እግሩን አጠቡት፣ በሞክሼዬ አልጋ ሦስት ቀን አስተኙት፣ ያችን ሲወስዱት ያልለበሳትን ነጭ ሸሚዙን አልብሰው ወደ ጅማ፣ ወደ እናቱ ላኩት። እሱ ከሄደ በኋላ እሳቸውን ተከትዬ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁት። እትዬ ጫልቱ አልጋውን እያነጠፉ ነበር።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያን ጊዜ ቀበሌ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ያስወሰድኩብዎ።»

አንሶላውን መዘርጋት አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ። «እናትሽ የዚያኑ ዕለት መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ይጠሩኝ ነበር?»

እትዬ ጫልቱ ትራሱን አንሥተው መቱት። «መጀመሪያ ሰሞን እንዲያምሽ ብዬ ነበር» አሉ፤ አልዋሹኝም። «ኋላ ግን ስጠራ 'አቤት' የሚለኝ ሰው አንቺ ብቻ ሆንሽ። ሌላ ማንን ልጥራ?»

እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ እናቴም እንዲሁ። አጥሩ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። እኔ አግብቼ ወለድኩ፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ በቁልምጫ ነበር የሚጠራኝ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። «ሞክሼ» የምትለዋን ቃል ግን ከዚያ አጥር ወዲህ ለማንም ብያት አላውቅም። ስሜን ጠብቂልኝ ተብያለሁ፤ ሲጠራ ባለቤቱ ይነሣ እንደሆነ አንዴ ዞር ብዬ ማየት አለብኝ።

«ማዘር፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ ወጣቷ እናት። ለካ ትኩር ብዬ እያየኋት ነበር።

«ደህና ነኝ ልጄ። የሕፃኑ ስም ነው? ማን አወጣው?»

«እኔ» አለች፣ ትንሽ ቆጣ ብላ፤ ብዙ ሰው እንደተናገራት ያስታውቃል። «የድሮ ስም ነው ይሉኛል ሁሉም።»

ምን አየሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ ሥር ግን ደክሟል። ወንድ ይሁን ሴትም አልጠየቅኩም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችልኝ። ተኝቷል፣ ወይም ተኝታለች፤ አፍንጫው ላይ ወተት ደርቋል። ጎንበስ አልኩ። ቃሏ የምትወጣ አልመሰለኝም ነበር።

«ሞክሼ» አልኩ።

ካርድ የምትሰጠው ልጅ ወረቀቶቿን አስተካክላ ጨረሰችና ቀና ብላ «ስንታየሁ!» አለች። ዞር ብዬ አላየሁም። «አቤት» ብዬ ተነሣሁ።